የወንድሜ ስትሮክ፦ የረጋው ደም በአንዴ ያልወጣው በመሣሪያው ምክንያት ይሆን?

የሆጤዋ (ደሴ) ጠየቀች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅዳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ዛለ፣ አፉ ተያዘ። ሆስፒታል ወስደውት በብሽሽቱ ቱቦ አስገብተው ከአንጎሉ የረጋ ደም አወጡለት። ሚስቱ የሐኪሙን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ በዋትስአፕ ላከችልን። «መጀመሪያ በመምጠጫ ካቴተር (ቱቦ) ተሞክሮ አልወጣም። ከዚያ በስቴንት ሪትሪቨር ሁለት ጊዜ ተጎተተ። ውጤት ቲኪ 2ቢ» ይላል። አሁን እጁን ትንሽ ትንሽ ያንቀሳቅሳል፣ መናገር ግን ገና ነው። እማዬ «ደህና ዕቃ ቢኖራቸው ልጄ ይናገር ነበር» እያለች እንቅልፍ አጥታለች። የምታውቁ እባካችሁ፣ ምን ልበላት?

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
አላህ አፊያ ያድርገው። ከመሣሪያው በፊት ሰዓቱን ጠይቂ። ሕመሙ ስንት ሰዓት ጀመረው? ደም ስሩ የተከፈተውስ ስንት ሰዓት ላይ ነው? በመሃል ያለፈው ጊዜ ብዙ ነገር ይወስናል።

የወልድያ ልጅ (ራዲዮሎጂ እማራለሁ)፦
እህቴ፣ እማማን «አብሽሪ» በያቸው። ደብዳቤው ላይ ያለው አሮጌ ዕቃ አይደለም። አሮጌ የሚባለው በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሜርሲ የሚሉት ጥምዝ ሽቦ ነው። በ2012 ሶሊቴርና ትሬቮ ተፈቀዱና ቦታውን ወሰዱ። ስቴንት ሪትሪቨር ማለት እነሱ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቀጭን ሽቦ የተሠራ መረብ ተጣጥፎ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይገባል። የረጋውን ደም ወጋ አድርጎ ያልፍና እዚያው ይከፈታል። ሐኪሙ ደሙ መረቡ ውስጥ እስኪሰምጥ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ከዚያ መረቡንና ደሙን አብሮ ቀስ ብሎ ይስባል። በ2015 የወጡት 5 ትልልቅ ጥናቶች ሕክምናውን ያስመሰከሩት በአብዛኛው በዚህ መሣሪያ ነው።

በመምጠጥ መጀመራቸውም ስህተት አይደለም። አስተር (2017) እና ኮምፓስ (2019) የተባሉት ጥናቶች መምጠጡንና መረቡን አወዳድረው የጎላ ልዩነት አላገኙም። በመምጠጥ ጀምሮ እምቢ ሲል ወደ መረቡ መዞር የተለመደ ነው።

እምቢ የሚለው ለምንድን ነው? አንዱ የረጋው ደም ዓይነት ነው። ቀይ ሕዋስ የበዛበት ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይያዛል። ፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚሠራ ክር መሰል ፕሮቲን) የበዛበት ነጣ ያለው ግን ጠጣር ነው፣ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። ሌላው የደም ስሩ መንገድ ነው። አንገት ላይ በጣም ከተጠማዘዘ የመምጠጫው ጫፍ ደሙ ፊት በትክክል አይደርስም።

ከሐይቅ፦
ወንድሜ፣ ሁሉንም በደሙ ላይ አታሳብብ። የዕቃው ልክም ይወስናል። እናትየዋ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው።

የወልድያ ልጅ፦
እውነትህን ነው። የመምጠጫው ቱቦ ውስጡ ሰፋ ሲል ኃይሉ ይጨምራል። በጠባቡ መሞከር ጭቃ ውሃን በቀጭን ጎማ እንደመሳብ ነው። መረቡም ከደም ስሩ ስፋትና ከደሙ ርዝመት ጋር መመጣጠን አለበት። አጭር ከሆነ ጫፉ ላይ ያለው ደም ተቆርጦ ይቀራል፣ ወይም ተሰባብሮ ወደ ቀጫጭኖቹ ስሮች ይሄዳል። ይህን ለመከላከል ሲጎተት የደሙን ፍሰት ለጊዜው የሚዘጋ ፊኛ ያለው ካቴተር አለ። ብዙዎች ያምኑበት ነበር። በ2024 የታተመ የቻይና ጥናት ግን ፊኛ በተጠቀሙት ላይ የባሰ ውጤት አሳየ። ስለዚህ ፊኛ አልተጠቀሙም ብላችሁ አትዘኑ።

በአንድ ጉተታ ሲወጣ የተሻለ እንደሆነ አልክድም። እያንዳንዱ ጉተታ የስሩን ውስጠኛ ሽፋን ይፍቃል፣ ደቂቃም ይበላል። ሦስት ሙከራ ግን ብዙ የሚባል አይደለም። ቲኪ የደም ፍሰቱ ምን ያህል እንደተመለሰ የሚለካበት ነጥብ ነው፣ ከ0 እስከ 3። 2ቢ ማለት ደም ተቋርጦበት ከነበረው ክፍል ቢያንስ ግማሹ ደም አግኝቷል ማለት ነው፤ በሙያው ተሳክቷል ይባላል።

ፊዚዮቴራፒስት (ደሴ)፦
ቀኝ ጎንና ንግግር አብረው ከተያዙ የተጎዳው ግራ አንጎል ነው። ንግግር ከእጅ ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ወርቅ ናቸው፣ አያባክኗቸው። በስልክ ስታወሩት ቀስ በሉ፣ አጭር ጥያቄ ጠይቁ፣ እስኪመልስ ጠብቁት። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። እማማ ራሳቸው ያናግሩት። ባይመልስም ሊሰማቸው ይችላል።

የሆጤዋ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ለእማዬ እያነበብኩላት ነው። አንድ ነገር ረስቼ፦ ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «የልብ ምት መዛባት» ይላል። ይህስ?

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
ይህን አጥብቀሽ ያዢው! ልብ ሲዛባ ውስጡ ደም ይረጋና ወደ አንጎል ይወረወራል። የመጀመሪያው ቢወጣም ሌላ ሊመጣ ይችላል። ደም ማቅጠኛ ታዞለት እንደሆነ፣ ካልታዘዘም መቼ እንደሚጀምር ሚስቱ ዛሬውኑ ሐኪሙን ትጠይቅ። ከጀመረ በኋላ ተሻለኝ ብሎ እንዳያቋርጠው። የሲቲውንና የአንጂዮግራሙን (የደም ስር ምስሉን) ሲዲም ትቀበል፣ አገር ቤት ሲመጣ እዚህ ያለው ሐኪም ይፈልገዋል።