የአፍንጫ ስፕሬይ ወይስ የአለርጂ ኪኒን?

የሄርማታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ቡና መጋዘን ነው የምሠራው። ጆንያ ሲራገፍ ገለባውና አቧራው ቡን ይላል፣ ያኔ ማስነጠሱ ይጀምረኛል፣ ዓይኔ ይቀላል፣ ማታ ደግሞ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ በአፌ ስተነፍስ ይነጋል። ሴትሪዚን የሚባለውን የአለርጂ ኪኒን እወስዳለሁ። ማስነጠሱን ያስታግስልኛል፣ መደፈኑ ግን ያው ነው፣ ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ፋርማሲ ስፕሬይ ይሻልሃል አሉኝ፣ ዋጋው ግን ከኪኒኑ ጋር አይገናኝም። ይሄን ያህል ይለያያሉ እንዴ?

ፋርማሲስቷ፦
በደንብ እንጂ። ኪኒኑ የሚያግደው ሂስታሚንን ነው፣ አለርጂ ሲነሳብህ ሰውነትህ የሚለቀውን ኬሚካል። ለማሳከክ፣ ለማስነጠስና ለሚያለቅስ ዓይን ቶሎ ይደርሳል፣ መደፈን ላይ ግን ደካማ ነው። እንደ ፍሉቲካሶንና ቤክሎሜታሶን ያሉት ስፕሬዮች እዚያው አፍንጫህ ውስጥ ያለውን እብጠት ነው የሚቀንሱት። ትዕግስት ግን ይፈልጋሉ፤ በየቀኑ እየተጠቀምክ ሙሉ ውጤቱ እስከ 2 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ብዙ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ ይጥለዋል። አንተ በየቀኑ አቧራ ውስጥ ነህና እኔ ስፕሬዩን ነው የምለው።
አነፋፉን እንዳትስት። ትንሽ ጎንበስ በል፣ ጫፉን ከመሃለኛው አጥንት አርቀህ ወደ ጆሮህ አቅጣጫ አዙረው። ቀኙን በግራ እጅህ፣ ግራውን በቀኝህ ብታደርግ ይቀላል። በኃይል አትሳበው፣ ጉሮሮህ ገብቶ ይባክናል።

ባጃጅ_ጅሬን፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ "የአፍንጫ መድኃኒት ስጡኝ" ብለህ ብቻ እንዳትገዛ ወንድሜ። ዛይሎሜታዞሊን የሚባል ጠብታ አለ፣ ወዲያው ይከፍትልሃል፣ ደስ ይልሃል፣ ግን ከ5 ቀን በላይ ከሄድክበት ሲለቅህ የባሰ ይደፍንሃል። የጎረቤቴ ልጅ ያለሱ መተኛት አቅቶት ትራሱ ሥር ነው የሚያስቀምጠው።

የሄርማታው፦
ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድስ ይቻላል? ስፕሬዩስ ስንት ጊዜ ያቆየኛል?

ፋርማሲስቷ፦
ይቻላል። ስፕሬዩ እስኪይዝልህ ኪኒኑን ማታ ማታ ውሰድ፣ ከዚያ ዓይንህ ሲያስቸግርህ ብቻ። እንቅልፉ ካልለቀቀህ ወደ ሎራታዲን ቀይረው። ጠርሙሱ 120 ፑፍ የሚል ከሆነ በቀን አንዴ በየአፍንጫህ ቀዳዳ ሁለት ሁለት ብትነፋ ወር ያደርስሃል፤ ሲሻልህ ወደ አንድ አንድ ዝቅ ካደረግከው ሁለት ወር። ማስክም አድርግ፣ ስትወጣ አፍንጫህን በጨው ውሃ እጠበው። ደረትህ ሲር ሲር የሚል ወይም ሥራ ላይ የሚያፍንህ ከሆነ ግን ስፕሬዩን ተወውና መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፣ የቡና አቧራ አስምም ያመጣል።