ጥቆማ፦ ዶሜይን ልትገዙ ከሆነ የትኛውን ኤክስቴንሽን፣ ከየት?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። “ጥሩ ጥሩው ስም ሁሉ ተይዟል፤ አሁን ምን ቀረ?” የሚል ነው። ስም ሲሉ ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይት አድራሻ ማለታቸው ነው። ለየብቻ ከምመልስ ለሁላችሁም እዚህ ልጻፈው።

ስም አላለቀም። እርግጥ ዶት ኮም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ስሞች ተመዝግበዋል። ባለ ሦስት ፊደሎቹ ድሮ አልቀዋል፣ ባለ አራቶቹም እንደዚያው። አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ፈልጋችሁ በአሥር ዶላር እናገኛለን ካላችሁ ተዉት። የአማርኛ ቃል ግን ገና ሰፊ ነው። አንዱ ቃል ብቻውን ቢያዝ፣ የሰፈር ወይም የሥራ ስም ስትጨምሩበት አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ የእኛ ችግር አለ። “እንጀራ”ን በላቲን ፊደል አንዱ በ“አይ” ይጀምራል፣ ሌላው በ“ኢ”። “ቡና”ን አንዱ በአንድ “ኤን” ይጽፋል፣ ሌላው ሁለት ይደርባል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ስሙን ለሦስት ሰው በስልክ ንገሩና እንዲጽፉት ጠይቁ። ሁለት ዓይነት አድርገው ከጻፉት ሁለቱንም ግዙ፤ አንዱን ወደ ሌላው አዙሩት። በዓመት የአንድ ምሳ ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ኤክስቴንሽኑ፣ ማለትም ከነጥቡ በኋላ ወዳለው። ሰው የሚያየው ማማሩን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ግን ማን እንደሚያስተዳድረውና ከአሥር ዓመት በኋላ መኖር አለመኖሩን ነው።

ዶት ኮም፦ ለብዙው ሰው አሁንም የምጠቁመው እሱን ነው። የሚያስተዳድረው ቬሪሳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ ለሻጮች የሚያስከፍለው ዋጋ በውል የተገደበ ነው። በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ) 10.26 ዶላር ደርሷል። ከፍ ሊል ይችላል፣ ግን ድንገት ሦስት እጥፍ አይሆንባችሁም።

ዶት ኦንላይን፣ ዶት ስቶር እና መሰሎቻቸው፦ በ2012 አይካን፣ ማለትም የዓለምን የዶሜይን ሥርዓት የሚያስተባብረው ድርጅት፣ በሩን ሲከፍት 1,930 ማመልከቻ ገብቶ ከአንድ ሺህ በላይ አዳዲስ ኤክስቴንሽን መጣ። ስም እንደ ልብ ይገኝባቸዋል። የመጀመሪያውን ዓመት በአንድ ወይም በሁለት ዶላር ይሰጧችኋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ 30 እና 40 ዶላር ሲጠየቅ ነው ሰው የሚደነግጠው። የእድሳት ዋጋቸው ጣሪያ የለውም፤ አስተዳዳሪው ከስድስት ወር በፊት ካሳወቀ መጨመር ይችላል። ስለዚህ የመግቢያውን ዋጋ ትታችሁ “ሪኒዋል” (እድሳት) የሚለውን መስመር አንብቡ። የ2026 አዲስ የማመልከቻ ዙርም አለ። የአንድ ኤክስቴንሽን ማመልከቻ ብቻ 227,000 ዶላር ነው። ሌላ ብዙ ኤክስቴንሽን ይመጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ “ዛሬ ካልገዛችሁ አመለጣችሁ” የሚል ማስታወቂያ አያስደንግጣችሁ።

ዶት አይኦ፦ ቴክ ላይ ያላችሁ ልጆች ትወዱታላችሁ። አዲስ ለሚጀምር ግን አልመክርም። ባለ ሁለት ፊደል ኤክስቴንሽን ሁሉ የአገር ወይም የግዛት ኮድ ነው፤ አይኦ የብሪታንያ የሕንድ ውቅያኖስ ግዛት ነው። ብሪታንያ ደግሞ ይህ ግዛት ያለባቸውን የቻጎስ ደሴቶች ለሞሪሺየስ ለመመለስ ግንቦት 2025 ላይ ስምምነት ፈርማለች። ኮዱ ከዓለም አቀፉ የአገሮች ዝርዝር ከወጣ፣ በአይካን ደንብ ኤክስቴንሽኑ በአምስት ዓመት፣ ቢራዘም በአሥር ዓመት ውስጥ ይዘጋል። የዩጎዝላቪያ ዶት ዋይዩ በ2010 እንዲሁ ጠፍቷል፤ የዛየርም ከዚያ በፊት። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች (ከብሬግዚት) በኋላም እንግሊዝ ያሉ ብዙ ሰዎችና ድርጅቶች የኅብረቱን ዶት ኢዩ ስማቸውን ተነጥቀዋል። ለንደን ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ዶት ኤአይ የአንጉዊላ ነው። ይህች ትንሽ ደሴት ዛሬ ከዶሜይን ትልቅ ገቢ ታገኛለች። በትንሹ ለሁለት ዓመት ነው የሚሸጠው፣ ውድም ነው። ሥራችሁ በእውነት ከኤአይ ጋር ከሆነ ያስኬዳል፤ ለካፌ ግን ምን ያደርጋል?

ነፃዎቹ፣ ዶት ቲኬ እና ጓደኞቹ፦ አትንኳቸው። ሲያድላቸው የነበረው ፍሪኖም በ2023 አዲስ ምዝገባ አቆመ፣ ሜታም ከሰሰው፣ በ2024 ከሥራው ወጣ። ነፃ ስም ይዘው የነበሩ ብዙዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ዶት አፍሪካ፦ ወደ ሥራ የገባው በ2017 ነው፣ የሚያስተዳድረው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ነው። የእኛዋ ሶፊያ በቀለ በዶትኮኔክት አፍሪካ በኩል ይህን ኤክስቴንሽን ለማግኘት ዓመታት የፈጀ ክርክር ማድረጓን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በ2015 ገለልተኛው ሸንጎ ለእሷ ፈርዶላት ነበር፤ መጨረሻው ግን ወደ ደቡብ አፍሪካው ድርጅት ሄደ። ኤክስቴንሽኑ ራሱ ጥሩ ነው። ከአንድ በላይ የአፍሪካ አገር ለሚሸጥ እጠቁማለሁ።

ዶት ኢቲ፦ ከ1995 ጀምሮ የኢትዮጵያ ነው፣ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ነው። ለንግድ ኮም ዶት ኢቲ፣ ለድርጅት ኦርግ ዶት ኢቲ እያለ ይቀጥላል። ዶት ኮም ላይ የተያዘው ስም ብዙ ጊዜ እዚህ ክፍት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ደንበኛችሁ አገር ውስጥ ከሆነ ስሙን ሲያይ ያምነዋል። ውጭ ለሚኖር ገዢ ግን ዶት ኮምም ጨምሩበት።

በራሳችን ፊደልስ? የግዕዝ ፊደል ከ2017 ጀምሮ በአይካን የኤክስቴንሽን ፊደላት ደንብ ውስጥ ገብቷል። ልቤ እዚያ ነው። ግን “ፀሐይ” የሚለውን ስም አስቡት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፤ ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያየ አድራሻ ነው። አንዱን እናንተ ስትይዙ ሌላውን አጭበርባሪ ሊይዘው ይችላል። ለጊዜው ብቸኛ አድራሻችሁ አታድርጉት።

ከየት ይገዛ? የውጭ ካርድ ካላችሁ ክላውድፍሌር ትርፍ ሳይጨምር በመነሻ ዋጋው ይሸጣል፤ ግን የእሱን ኔምሰርቨር (ስሙን ከዌብሳይቱ ጋር የሚያገናኘውን ሰርቨር) መጠቀም ግዴታ ነው። እሱ ካልተመቻችሁ ፖርክበን እና ኔምቺፕ ለጀማሪ ቀላል ናቸው። ካርድ ከሌላችሁ እንደ የጋራ ሆስት ያሉ በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሻጮች አሉ። ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ዶላር ፍለጋ ከመንከራተት ያድናል። ከማንም ግዙ፣ በስማችሁና በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን።

ይህን የምለው በአክስቴ ላይ ስለደረሰ ነው። ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች። ዌብሳይቱን የሠራላት ሰው ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦ ነበር፤ ከዚያ አገር ለቆ ሄደ። የማሳሰቢያው ኢሜይል ሁሉ ለእሱ ይሄዳል፣ እሱ አያየውም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለችልኝ። “አንተ ልጅ፣ ገጼ ላይ የማላውቀው ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሱቄን በቁሜ ሸጡት እንዴ?” አለችኝ። አድራሻው ሁለት ሺህ የወረቀት ከረጢት ላይ ታትሞ መደርደሪያው ሥር ተቆልሏል። ስሄድ አንዱን ከረጢት ይዛ፣ አድራሻውን በአውራ ጣቷ እየደባበሰች ነበር።

የዶት ኮም ስም ጊዜው ካለፈ በኋላ ሻጩ እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከተሰረዘ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለው፤ ያኔ ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ከ80 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ለማንም ይለቀቃል። እኛ ሰውዬውን በዘመድ በዘመድ አፈላልገን እስክናገኝ የማስመለሻው ጊዜ ገብቶ ነበር። የመግቢያ ኮዱን ልኮልን፣ ከፍለን አስመለስነው። አሁን በእሷ ስም ነው፣ ለአሥር ዓመት ተከፍሏል። ከዚያ በላይ ባንዴ መክፈል አይፈቀድም።

ዶት ኢቲ በቅርቡ ያስመዘገባችሁ ካላችሁ ስንት ቀን እንደፈጀና ስንት ብር እንደከፈላችሁ ከታች ጻፉልን። የሚጠብቁ አሉ።