ስትራቴጂና ታክቲክ ልዩነታቸው የጊዜ ብቻ ነው እንዴ?

ቦርሳ ሰሪው፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ የተምታታብኝ ነገር አለ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቦርሳ እየሰራን ኦንላይን እንሸጣለን፣ ሰሞኑን አንደኛው "ስትራቴጂያችን" ብሎ ሶስት ገጽ ጽፎ መጣ። ውስጡ ያለው ሽያጭ በ30 ፐርሰንት ማሳደግ፣ በየሳምንቱ ቪዲዮ መልቀቅ፣ በዓል ሲመጣ ቅናሽ፣ ዴሊቨሪ ማፍጠን ምናምን ነው። ይሄማ ታክቲክ ነው አልኩት፣ እሱ ደግሞ ስትራቴጂ የረጅም ጊዜ ነው ታክቲክ የአጭር ጊዜ፣ ይሄ የአመት ፕላን ስለሆነ ስትራቴጂ ነው ብሎ ድርቅ አለ። መልስ አጣሁለት። እውነት የጊዜ ጉዳይ ነው?

ታዛቢ፦
የጊዜ አይደለም ወንድሜ። የስራ ዝርዝር የአመት ስለሆነ ስትራቴጂ አይሆንም። 30 ፐርሰንቱ ደግሞ ሁለቱንም አይደለም፣ ግብ ነው፣ የት መድረስ እንደፈለጋችሁ ይናገራል እንጂ ደንበኛው ሌላውን ሁሉ ትቶ እናንተ ጋ ለምን እንደሚመጣ አይነግርህም። ስትራቴጂ እሱን ነው የሚመልሰው፣ ለማን ነው የምንሰራው፣ በምን እንለያለን፣ ማንን ነው የምንተወው። የመጨረሻዋን ልብ በላት፣ ወረቀቱ ላይ "ይሄን አናደርግም" የሚል አንድ መስመር ካጣህ ገና ምንም አልመረጣችሁም። ታክቲክ ደግሞ ያን ምርጫ የምትፈጽሙበት ዘዴ ነው። ቅናሹን ብቻ እንኳ እየው፣ በርካሽ ብዙ ልሽጥ ላለ ሰው ጥሩ ታክቲክ ነው፣ እድሜ ልክ የሚያገለግል ቦርሳ በውድ እሸጣለሁ ላለ ግን ደንበኛውን "እስከ በዓል ጠብቅ" ብሎ ማስለመድ ነው።

ሄለን የሎጂስቲክስ፦
እኔ በምሳሌ ነው የሚገባኝ። ሳውዝዌስት የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በፈረንጆቹ 1971 በረራ ሲጀምር ምርጫው ግልጽ ነበር፣ አጭር መንገድ፣ ርካሽ ቲኬት፣ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ አውሮፕላን። ስለዚህ ቦይንግ 737 በሚባል አንድ የአውሮፕላን አይነት ላይ ሙጭጭ አለ፣ ምግብ የለም፣ የወንበር ቁጥር የለም፣ ሻንጣህን ወደ ሌላ አየር መንገድ ማስተላለፍ የለም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ብትታይ ታክቲክ ናት፣ ሲደመሩ ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆምበትን ሰአት ያሳጥራሉ፣ ቆሞ ደግሞ ገንዘብ አያመጣም።
በ1993 ኮንቲኔንታል የሚባለው ሌላ የአሜሪካ አየር መንገድ "ኮንቲኔንታል ላይት" የሚል ርካሽ በረራ ከፍቶ ያንኑ ልድገም አለ። ምግብ ቀነሰ፣ ዋጋ ቀነሰ፣ በረራ ጨመረ፣ ነገር ግን በሌላው መስመር ሙሉ አገልግሎቱንም ስላልተወ የወንበር ምደባው፣ የሻንጣው ጣጣ፣ የቲኬት ወኪሎቹ ኮሚሽን፣ የተለያየው የአውሮፕላን አይነት ሁሉ አብሮት ቀረ። ከሌላ በረራ የሚመጣ ሻንጣ እየጠበቀ እንዴት ቶሎ ይነሳል? በረራው ይዘገያል፣ ቅሬታው ይጎርፋል፣ 1995 ላይ ኮንቲኔንታል ላይት ተዘጋ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚባለው እኮ ይሄ ነው። የሚታየውን ቀዱ፣ መተዉን ግን አልቀዱም።

ጠርጣራው፦
ሄለን ጥሩ ብለሻል፣ ግን "ምርጫው ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር" የምትለዋ ላይ አልስማማም። ሳውዝዌስት በ1972 ገንዘብ ሲያጥረው ከአራት አውሮፕላኑ አንዱን ሸጠ፣ የአራቱን ፕሮግራም በሶስት ለመሸፈን ሲጨነቅ ነው አውሮፕላን በ10 ደቂቃ አራግፎ ጭኖ ማስነሳት የጀመረው። የቸገረው ሰው ታክቲክ ነበር እኮ፣ በኋላ ነው ድርጅቱ የሚታወቅበት የሆነው። አለቃ ቁጭ ብሎ ስትራቴጂ ያወጣል፣ ከስር ያለው ታክቲክ ይፈጽማል የሚባለው ስእል ላይ ብዙ አልታመንም። ቦርሳ ሰሪው፣ አዲስ ወረቀት ከመጻፋችሁ በፊት የሽያጭ መዝገባችሁን ግለጡት፣ ያለ ቅናሽ የሚገዛችሁ ማነው? ለምን?

ቦርሳ ሰሪው፦
ተባረኩ። አሁኑኑ ገልጬ አየሁት፣ ያለ ቅናሽ የሚገዙን አብዛኞቹ የላፕቶፕ ቦርሳ የሚወስዱ የቢሮ ሰዎች ናቸው፣ ተመልሰው የሚመጡትም እነሱ። የልጆች ቦርሳ የሚሄደው ቅናሽ ሲኖር ብቻ ነው። ችግሩ የልጆቹን ዲዛይን የሚሰራው ያው ወረቀቱን የጻፈው ጓደኛችን ነው 😅
ሄለን፣ ሳውዝዌስት በ2025 ለሻንጣ ማስከፈል ጀምሯል አይደል? እሱስ ታክቲክ ነው ስትራቴጂ?

ሄለን የሎጂስቲክስ፦
አዎ ጀምሯል፣ ወንበር ወደ መመደብም ሄዷል። ለኔ ስትራቴጂ ነው የነኩት፣ ነጻ ሻንጣ ሰዎች እነሱን የሚመርጡበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ነበር፣ ሌላው ከሚያስከፍለው ጋ እኩል ከሆንክ በምን ልትለይ ነው።

ጠርጣራው፦
ወይም ገቢ ፍለጋ ነው፣ ያኔ አውሮፕላን እንደሸጡት። ጊዜ ያሳየናል። ቦርሳ ሰሪው ግን ለጓደኛህ ስትነግረው መዝገቡን ይዘህ ሂድ፣ "ያንተ ታክቲክ ነው የኔ ስትራቴጂ ነው" እያልክ እንዳትጀምር ብቻ።