የተመራቂዎች ሥነ ምግባራዊ አመዛዘን መፈተን አለበት ወይስ የለበትም? (ክርክር)

አወያይ (ደብረ ብርሃን)፦ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ በመውጫ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ፈተናው የሚያተኩረው በሙያ ዕውቀት ላይ በመሆኑ፣ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎቻቸውን ሥነ ምግባራዊ የማመዛዘን ችሎታና ማኅበራዊ ኃላፊነትም ይመዝኑ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። የሰሜን ሸዋ መምህራን፣ ተመራቂዎችና ወላጆች ምን ትላላችሁ?

የሕግ ተመራቂ (ደብረ ሲና)፦ እቃወማለሁ። በአንደኛ ዓመት የሞራልና ሥነ ዜጋ ትምህርት ወስደናል፤ በፈተናው ላይ የጻፍነው ግን መምህሩ እንዲጻፍለት የሚፈልገውን ነበር። ዲግሪ የሚያስከለክል ምዘና ቢመጣ ማስመሰሉ ይብሳል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መዛኙ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በፖለቲካ በተለያየንበት በዚህ ጊዜ ከመምህሩ የተለየ አቋም ያለው ተማሪ «ሥነ ምግባር ይጎድለዋል» ተብሎ ቢወድቅ አቤቱታውን ለማን ያቀርባል?

ጡረታ የወጡ ነርስ (ሸዋ ሮቢት)፦ ልጄ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ነገር ግን ያልለካውን የደም ግፊት በታካሚ ካርድ ላይ የሚሞላ አዲስ ተመራቂ አይቻለሁ፤ መለካት አቅቶት አልነበረም። ይህን ሳያዩ ማስመረቅ ልክ አይመስለኝም።

የዩኒቨርሲቲ መምህር (ደብረ ብርሃን)፦ ሲስተር ያነሡት ምሳሌ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ያ ወጣት ሐሰት መመዝገብ ነውር መሆኑን ቢጠየቅ አሳምሮ ይመልስ ነበርና፣ የጽሑፍ ምዘና የማንንም የነገ ምግባር አይነግረንም። የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 4 ደረጃ የሥነ ምግባራዊ አመዛዘን መመዘኛም ይህን በግልጽ ይቀበላል፤ የሚያየው ተማሪው ለመወሰን የሚያስፈልገው የአስተሳሰብ ብቃት እንዳለው ብቻ ነው። ከዚያም በላይ የተዘጋጀው ተቋሙ የራሱን ትምህርት እንዲገመግምበት እንጂ ለተማሪው ማርክ እንዲሰጥበት አይደለም። የሕግ ባለሙያው ወንድማችን የሚፈራው አደጋ የሚመጣው ይህ ድንበር ሲጣስ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ለልምምድ መንዝ ውስጥ ወደሚሠራ ድልድይ ተልኳል እንበል። የኮንክሪቱ ናሙና ከተሞላ በ28ኛው ቀን ሲፈተን ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች ይሆናል፤ የሳይቱ ኃላፊ ግን ክረምቱ ስለደረሰ፣ መንገዱም ካልተከፈተ ነፍሰ ጡሮች ሆስፒታል ስለማይደርሱ፣ ቁጥሩን አስተካክለህ ሪፖርት አድርግ ይለዋል። «አልፈርምም» ብሎ የሚያቆም ተማሪ ትክክል ነው፤ አመዛዘኑን ግን ገና አላሳየንም። በኃላፊው ክርክር ውስጥ እውነተኛ ችግር መኖሩን የሚያይ፣ ድልድዩ ቢደረመስ ተጎጂው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ፣ ድጋሚ ምርመራ ወይም ጊዜያዊ መሻገሪያ የሚያቀርብ፣ በራሱ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለውን ተቃውሞም የሚመልስ ከፍ ያለ ደረጃ ይገባዋል። እዚህ ላይ የተማሪው ፓርቲም ሃይማኖትም አይጠየቅም።

ማኅበራዊ ኃላፊነትን መመዘን ይበልጥ ይከብዳል። ማኅተም የተመታበት የበጎ ፈቃድ ሰዓት ብዙም ማስረጃ አይሆንም። ደብረ ብርሃን በርካታ ተፈናቃዮችን ያስጠለለች ከተማ ናት፤ ወደ መጠለያ የሄደ ተማሪ ስንት ጊዜ ሄደ ከማለት፣ የሚያስፈልጋቸውን የወሰነው ማን ነበር፣ እነሱስ ተጠይቀዋል ወይ ብሎ እንዲጽፍ ማድረጉ የበለጠ ይነግረናል።

የሕግ ተመራቂ፦ መምህር፣ ለዲግሪ ቅድመ ሁኔታ ካልሆነ ተቃውሞዬን አለዝባለሁ። የተማሪው ስም ከወረቀቱ ይነሣ፤ አራሚዎቹም ከሌላ ትምህርት ክፍል ይምጡ። ይህን ሁሉ ጽሑፍ ግን ማን አንብቦ ይዘልቀዋል?

የዩኒቨርሲቲ መምህር፦ ሁሉም መነበብ የለበትም። ዓላማው ትምህርቱን መገምገም እስከሆነ ድረስ ከየክፍሉ በዕጣ የተወሰደ ናሙና ይበቃል። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት አራሚዎች ለየብቻ ያንብቡት፤ ደረጃቸው ሲራራቅ ተቀምጠው ይወያዩበት። ስም ይነሣ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። ከሌላ ክፍል ይምጡ በሚለው ላይ ግን አንዱ አራሚ ሙያውን የሚያውቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የኮንክሪት ሪፖርት ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው የተማሪውን አማራጭ ሊመዝን አይችልም።