ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት አፉን አልፈታም፤ አማርኛውን ላቁም?

የሚኪ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ አፉን ግን ገና አልፈታም። ውሃ ሲፈልግ «ቧ» ይላል፣ መኪና ሲያይ «ካ»። ሌላውን እጄን ይዞ እየጎተተ ነው የሚያሳየኝ። የምለው ግን ይገባዋል፤ «ጫማህን አምጣ» ስለው ያመጣል። እናቴ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱስ መቼ ተናገረ?» ትላለች። የዴይኬር አስተማሪው ደግሞ ሁለት ቋንቋ ግራ አጋብቶት ነው፣ ቤትም በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት አለችኝ። ዴይኬር በማይሄድበት ቀን አብራው የምትውለው እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ምን ላድርግ?

አስተርጓሚዋ፦ እህቴ፣ አማርኛውን እንዳታቆሚ! ሁለት ቋንቋ መስማት የልጅን አፍ አያስርም። አያቱ ዝም ካሉ ማን ሊያወራው ነው?

ግን «ይዘገያል» ብለሽም አትቀመጪ። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው 50 ገደማ ቃል እንዲኖረውና ሁለት ቃል ማገጣጠም እንዲጀምር ይጠበቃል። ቆጠራው የሁለቱም ቋንቋ ድምር ነው። ወረቀት አውጪና ጻፊ። «ቧ» ይቆጠራል፣ «ካ»ም ይቆጠራል። በግ አይቶ «ባ» ካለ እሱንም ጻፊው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» የሚባል፣ እድገታቸው የዘገየውን የሚገመግምና የሚረዳ ፕሮግራም አለ። ግምገማው በነፃ ነው። የሐኪም ወረቀት አትጠብቂ፤ ራስሽ ደውይ። ግምገማውንም የመጀመሪያውን የዕቅድ ስብሰባም በ45 ቀን ውስጥ መጨረስ አለባቸው። ሦስት ከሞላው ግን መንገዱ በትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ስለዚህ አሁኑኑ። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቂ።

ሥራዬ ስለሆነ እንዲህ ያለ ግምገማ ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። ገምጋሚዋ ሥዕል ታሳያለች። የማያውቀው የበረዶ ጓንት ሲመጣበት ልጁ ዝም! ሲኒ ብትሰጪው ግን ቡና ቀድቶ ያጠጣሻል። የእንግሊዝኛ ፈተና ቃል በቃል ተተርጉሞ የሚወጣው ነጥብ ብቻውን አይታመንም። ቤት ውስጥ ምን እንደሚጫወት፣ የፈለገውን እንዴት እንደሚጠይቅ አንድ በአንድ ንገሪያቸው።

የሁለት ልጆች አባት፦ ጆሮውን አስመርምሩት። የኛዋ ስትወለድ የተደረገላት የመስማት ምርመራ ደህና ነበር። በኋላ ላይ ጉንፋን በተመላለሰባት ቁጥር ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀም ነበር። ስትጠራ ትዞራለች፤ ድምፁ የሚደርሳት ግን ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ነው። ታብሌት ካለም ቀንሱ።

የሚኪ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ደወልኩ፤ ቤት መጥተው ነው የሚያዩት። የጆሮውንም ቀጠሮ ያዝኩ። እናቴ አብራ ብትቀመጥ ችግር አለው?

አስተርጓሚዋ፦ ይቀመጡ እንጂ! ከማናችሁም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ብቻ ስለ እሱ እንዳይመልሱ አደራ በያቸው። አንድ እማማ ሥዕል በወጣ ቁጥር «በል እንጂ! ኳስ በል!» ሲሉ፣ ልጁ ሥዕሉን ትቶ እሳቸውን ብቻ ሲያይ ዋለ።