የብሩስን የግሽ ጉዞ ስተረጉም ባሉጋኒን ምን ላድርገው?

ጤና ይስጥልኝ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ግሽ ዓባይ የደረሰበትን ክፍል ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በእጄ ያሉት የመጀመሪያው እትምና አሌክሳንደር መሬይ በ1805 ያሰናዳው ባለ ሰባት ቅጽ ናቸው።

ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው አይደለም፤ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ይህ ጣሊያናዊ ሰዓሊ በ1770 ከብሩስ ጋር ግሽ ድረስ ሄዷል፤ የሞተው በ1771 ጎንደር ውስጥ ነው። ብሩስ ግን ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጽፎታል። ምንጩ ዳር ብሩስ በኮኮናት ቅል ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ጤና ሲጠጣ ስትራቴስ የተባለው ግሪካዊ አለ፣ ባሉጋኒ የለም። (ትዕይንቱ ራሱ እንዴት ያምራል! ልዝለለው ብል አልሆነልኝም።)

መጀመሪያ እንዳለ ተርጉሜ የግርጌ ማስታወሻ ጨመርኩ። ያነበበልኝ ጓደኛዬ ማስታወሻውን ዘሎት "ብቻውን ነው ያገኘው በለኛ!" አለኝ። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ደርሶ እንደነበር የሚናገር ሌላ ማስታወሻም ገጹ ላይ ነበር፤ እሱንም አላየውም። ቀጥዬ "ደረስኩ" የሚለውን "ደረስን" አደረግሁት፤ ያ ደግሞ የብሩስን ውሸት በራሴ ውሸት መተካት ሆነብኝና መለስኩት። መግቢያ ላይ ላብራራው ስል አራት ገጽ ፈጀ፤ የተረጎምኩት ራሱ ዘጠኝ ገጽ ነው።

የጉዞ መጽሐፍ የተረጎማችሁ፣ ተራኪው የደበቀውን ሰው ቃሉን ሳትነኩ አንባቢው እንዲያየው ያደረጋችሁት እንዴት ነው?