ፉኮ ቴስት ላይ ያማረ መስታወት ኮከብ ላይ ለምን ብዥ ይላል?

ሰማይ ወዳድ፦
ሰላም ወገኖች፣ 200 ሚሊሜትር ስፋት 1 ሜትር ፎከስ ያለው የቴሌስኮፕ መስታወት በእጄ ፈጭቼ ፖሊሽ አድርጌ ጨረስኩ። ፉኮ ቴስት ላይ (የመስታወቱን ቅርጽ በመብራትና በምላጭ ጥላ የምናይበት ፈተና) ምላጩን ወደ ብርሃኑ ሳስገባ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው የሚጠቁረው፣ አንድ ጉብታ የለውም። ቱቦው ላይ ስገጥመው ግን ጁፒተር አይጠራም፣ ኮከብም ፎከሱን ባዞረው ባዞረው ነጥብ አይሆንልኝም። አልሙኒየም ገና አልተቀባም፣ እሱ ይሆን?

ፈጪው፦
አልሙኒየሙ አይደለም ወንድሜ፣ ሳይቀባም 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል ለጁፒተር ይበቃል፣ እንኳንም አላስቀባኸው። ችግሩ ያ እኩል ጥቁረት ራሱ ነው። ምላጩ ያለው ከመስታወቱ 2 ሜትር ላይ አይደል? እዛ ሁሉም ቦታ አንዴ ከጠቆረ መስታወቱ ስፌር (የኳስ ቁራጭ ቅርጽ) ነው ማለት ነው፣ ኮከብ የሚፈልገው ደግሞ ፓራቦላ (መሃሉ ትንሽ ጠለቅ ያለ ቅርጽ) ነው። 150 ሚሊሜትር ኤፍ 10 (ፎከሱ የስፋቱ 10 እጥፍ) ቢሆን ስፌሩም ይበቃህ ነበር፣ ያንተ ግን ኤፍ 5 ነው፣ ፎከሱን ምርጡ ቦታ ብታደርገው እንኳ ከፓራቦላ ወደ 0.4 ማይክሮን ይርቃል፣ ብርሃኑ ሄዶ ስለሚመለስ እጥፍ ይሆንና ከአንድ የብርሃን ሞገድ ርዝመት ያልፋል፣ የምንፈልገው ከሩብ ሞገድ በታች ነው። ስለዚህ መሃሉን በፒች (ለፖሊሽ የሚሆን ሬንጅ መሰል ነገር) ቀስ እያልክ አጥልቀው፣ ጠርዙ እንዳይወርድብህ ተጠንቀቅ። ፓራቦላ ሲሆን ጥላው ከጎን መብራት የበራበት ዶናት ይመስላል። ከፖሊሽ በኋላ ደግሞ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አትለካው፣ የእጅህ ሙቀት ብቻ ቅርጹን ያዛባዋል።

ሊያ፦
ፈጪው ያለው ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው በአንድ ቴስት ብቻ አትመን፣ በሮንኪም (በቀጫጭን መስመሮች የሚታይ ቴስት) በኮከብም አረጋግጥ። የጠፈሩን ቴሌስኮፕ ሀብልን አስቡት፣ 2.4 ሜትሩን መስታወት የለኩበት መሣሪያ ውስጥ አንዱ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊሜትር ስለራቀ ጠርዙ 2.2 ማይክሮን ያህል ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ፣ የሚያሳዝነው ሌላ መሣሪያ ስህተቱን አሳይቶ ነበር ግን የመጀመሪያው ይበልጣል ብለው ተዉት። በ1990 አመጠቁት፣ በ1993 መጨረሻ ጠፈርተኞች ሄደው አስተካከሉት።

ሰማይ ወዳድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ዞኖቹን (የመስታወቱን ቀለበቶች) በማስክ (ቀዳዳ ባለው ሽፋን) ስለካ በመሃሉና በጠርዙ መካከል ስንት ሚሊሜትር የምላጭ ቦታ ልዩነት ልጠብቅ?

ፈጪው፦
መብራቱ ቆሞ ምላጩ ብቻ የሚሄድ ከሆነ 5፣ አብረው የሚሄዱ ከሆነ 2.5። የትኛው እንደሆነ ሳታጣራ ፖሊሽ እንዳትጀምር።